ሁለት ክረምት የቆመች የአባቴ ኤንፒአር አልነሳ አለች (ደሴ)

የሆጤ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ሹፌርም መካኒክም አይደለሁም። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ መሪ ላይ ነው ያሳለፈው። በፈረንጅ 1998 ሞዴል የሆነች አይሱዙ ኤንፒአር አለችው። ወገቡን ታሞ ሐኪሙ "መሪ እንዳትይዝ" ካለው ወዲህ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ከካቻምና ጥር ጀምሮ። ሁለት ክረምት ዘንቦባታል። እናቴ ካሶኒው ላይ በርበሬ ታሰጣለች፣ ዶሮዎቹ ሥሯ ያድራሉ።

አሁን ወንድሜ የጭነት መንጃ ፈቃድ አወጣ። ከመስቀል በኋላ ከቆቦ ሽንኩርት እንጭናለን ብሎ ተነስቷል። መኪናዋ ግን አልተነሳችም።

ሁለቱን ባትሪዎች አስወርደን ፒያሳ ባትሪ ቤት ሁለት ቀን አስሞላናቸው። መልሰን ገጠምን። ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ይበራል። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) "እ… እ… እ…" እያለ እንደ ደከመ ሰው ይዞራል፣ ከዚያ ይቆማል። አንድ መካኒክ መጥቶ አምስት ደቂቃ አይቶ "የናፍታ ፖምፓው ሞቷል፣ ወርዶ አዲስ አበባ መሄድ አለበት" አለን። ዋጋውን ሲናገር አባቴ የያዘውን ስኒ አስቀመጠ።

እውነት ፖምፓው ነው? ከዚያ በፊት የምናየው ነገር ካለ ንገሩን።


ወሎዬው ሹፌር
ሰኞ፣ ማታ 2፡31

አብሽሪ እህቴ። ቀላል ነው። በሌላ መኪና አስጎትታችሁ ሐረጎ አፋፍ ላይ አድርሷት። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ቁልቁል መልቀቅ። ኮምቦልቻ ሳትደርስ ትነሳለች። እኛ ስንት ጊዜ አድርገነዋል።


ባለ ኤንትሬ
ሰኞ፣ ማታ 3፡02

ልጄ፣ ይህን ምክር እንዳትሰሚ።

እኔ ፊያት 682 ኤን ትሬ ይዤ በባቲና በሚሌ አድርጌ ዓሰብ የተመላለስኩ ሰው ነኝ፣ መንገዱ በ1990 እስኪዘጋ ድረስ። ሐረጎን በቀንም በጉምም አውቀዋለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ይህን ሁሉ የምትወርጂው በ25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ ነው። ኤንፒአር ደግሞ ሞተሯ ካልሠራ የፍሬኑ ማገዣ የለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጥሽው በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። ሁለት ዓመት ተከፍቶ ያልታየ ፍሬን ይዞ፣ ሞተር ጠፍቶ ሐረጎን መውረድ መኪና ማስነሳት አይደለም። ሰው መግደል ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ መልሺልኝ። ሞተሪኖው ሲዞር በጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል ወይ? ከወጣስ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?


ወሎዬው ሹፌር
ሰኞ፣ ማታ 3፡10

እሺ ጋሼ፣ ሜዳ ላይ ማለቴ ነበር።


ባለ ኤንትሬ
ሰኞ፣ ማታ 3፡14

"ሐረጎ አፋፍ" ነው ያልከው።


ቤንዚን በጣሳ
ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ለምን ታደክሟታላችሁ? የአየር ፊልትሮውን ፈትቶ ትንሽ ቤንዚን በጨርቅ ማስጠጋት ነው። አንዴ "ቧ" ካለች አለቀ።


የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን
ሰኞ፣ ማታ 3፡58

"ቧ" የምትለው ሞተሯ ላትሆን ትችላለች። የናፍታ ሞተር አየሩን አፍኖ በማጋል ነው ናፍታውን የሚያቀጣጥለው። ቤንዚን ወይም ያ ለማስነሻ የሚረጨው ጋዝ ሲገባበት ያለ ጊዜው ይፈነዳል። ካንዴሊታው (ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ግሎ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ፒስተን ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። ፊቱ የተቃጠለ ረዳትም አይቻለሁ።

እህቴ፣ አንቺ የጻፍሽው ውስጥ ሁለት በሽታ አለ ብዬ ነው የማስበው። አንደኛው የሞተሪኖው መድከም ነው። ናፍታው ኖረም አልኖረም ሞተሩ ፈጥኖ ካልዞረ አየሩ አይግልም። ደሴ ላይ ደግሞ ጠዋት ብርድ ነው፣ አየሩም ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እንጨርስ።

ቴስተር ተዋሺ። የናንተ መኪና 24 ቮልት ናት፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ። ባትሪዎቹ ካደሩ በኋላ እያንዳንዳቸው 12.6 አካባቢ ማሳየት አለባቸው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባትሪ ቤቱ ገንዘብሽን ብቻ ነው የሞላው።

ከዚያ ወንድምሽ ቁልፉን ሲያዞር ሁለት ቦታ ለኪ። ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ሞተሪኖው ላይ። ልዩነቱን ጻፊልኝ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፣ ሞተሪኖው ይቃጠላል። ደቂቃ ሁለት ደቂቃ እያሳረፋችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከቤት መኪና ባትሪ በካቦ ለማስነሳት እንዳትሞክሩ። ያ 12 ነው።


ሚስማር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ከሁሉም በፊት የዘይቱን ዘንግ ሳቡት። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ወይም ከልኩ በላይ ከፍ ካለ አታዙሯት። ውሃ ወይም ናፍታ ገብቷል ማለት ነው። ጋቢናውን ገልብጣችሁ የአየር ፊልትሮውንም ክፈቱ። የእኔ ቆማ ስትከፈት አይጥ ከነልጆቿ ነበረችበት። ሽቦም በልታ ነበር።


የሆጤ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ጋሼ፣ ዛሬ ሙሉ ቀን እርስዎ ያሉትን ሳስብ ነው የዋልኩት። ጭስ የሚባል ነገር የለም። ነጭም ጥቁርም።

ዘይቱ ደህና ነው፣ ጥቁር ግን ንጹህ። አይጥ አልነበረም። የዶሮ ላባ ግን ነበር።

ቴስተር ከጎረቤት ተዋስን። ባትሪዎቹ በአንድ ላይ 25.1 አሳዩ። ሲዞር ባትሪው ላይ 23.4 ሆነ። ሞተሪኖው ላይ 16! ሦስቴ ለካሁት፣ ያው ነው። ይኼ ምን ማለት ነው?


የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05

ማለት፣ ባትሪሽ ደህና ነው፣ ሞተሪኖሽም ምናልባት ደህና ነው። መሀል መንገድ ላይ ከ7 ቮልት በላይ እየተሰረቀ ነው። እንዲህ ያለ ሌባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማሳው (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻንሲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደው ካቦ) ላይ ነው።

አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጊ። ቀለም የሌለበት ቦታ ምረጪ። ወንድምሽ ያዙር። ከ1 ቮልት በላይ ካሳየሽ ማሳው ነው።

ሞርሴቶዎቹን (የባትሪውን ማሰሪያዎች) አውልቃችሁ በፍል ውሃና በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ የማሳውን ካቦ ሻንሲው ላይም ሞተሩ ላይም ፈትቶ እስኪያበራ መፈተግ። ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ሲታሰር መጨረሻ ኔጌቲቩ። መፍቻው በድንገት ብረት ቢነካ ብልጭታ እንዳይኖር ነው።


የሆጤ ልጅ
ረቡዕ፣ ቀን 8፡30

6.2 አሳየ! ካቦው ከላይ ሲታይ ደህና ነበር። ወንድሜ ሲፈታው ግን ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በእጁ ላይ ረገፈ። አዲስ ገዝተን አሰርን። አሁን ሞተሪኖው እንደ ድሮው ነው፣ "ቅቅቅቅ" ይላል። አባቴ ከቤት ውስጥ ሆኖ ድምፁን ሰምቶ "ሞተሪኖዋ ዳነች" አለ። ሳያይ።

ግን አሁንም አትነሳም። አሁንም ጭስ የለም።


ባለ ኤንትሬ
ረቡዕ፣ ቀን 9፡00

አባትሽ ሹፌር ነው። ሰላም በይልኝ።

አሁን ወደ ነዳጁ እንሂድ። ነጭ ጭስ ቢወጣ ኖሮ "ናፍታ ይገባል፣ አይቀጣጠልም" እል ነበር። ጭስ ከሌለ ናፍታው ሞተሩ ጋ አልደረሰም። ከሳልባትዮው (ከናፍታ ታንኩ) እስከ ሞተሩ ያለውን መንገድ በእግርሽ እንደምትሄጂው አድርገሽ አስቢው። የቆመበትን ቦታ ነው የምንፈልገው።

መጀመሪያ የሳልባትዮውን የታች ብሎን ፍቱ፣ ሥሩ ባልዲ አድርጋችሁ። ግማሽ ሆኖ የቆመ ሳልባትዮ ሁለት ክረምት ውሃ ያልባል። ውሃው ከናፍታ ይከብዳልና ታች ይተኛል። ናፍታና ውሃው የሚገናኙበት ላይ ደግሞ ጥቁር ንፍጥ የመሰለ ነገር ይበቅላል። ፊልትሮውን የሚዘጋው እሱ ነው።

ከዚያ ሳልባትዮውን እርሱት። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ንጹህ ናፍታ ሞልታችሁ ከፖምፓው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስቀሉ። በንጹህ ቱቦ ቀጥታ ከፊልትሮው በፊት ግጠሙት። ፊልትሮውን ለውጡ። በእጅ ፓምፗ አየሩን አውጡ፣ አረፋው አልቆ ናፍታው በወጥ እስኪወርድ። የእጅ ፓምፗ መጨረሻ ላይ መጠንከር አለባት። እየለሰለሰች ከቀጠለች አየር እየሳበች ነው።

በጀሪካን ከሠራች ጥፋቱ ከሳልባትዮ እስከ ፊልትሮ ባለው መስመር ነው። በጀሪካንም ካልሠራች ወደፊት እንሄዳለን። አንድ ብር ሳታወጪ መንገዱን ለሁለት ከፈልሽው ማለት ነው።


ቤንዚን በጣሳ
ረቡዕ፣ ቀን 9፡20

ፊልትሮው ነጻ ነው እንዴ ጋሼ?


ባለ ኤንትሬ
ረቡዕ፣ ቀን 9፡22

ከፒስተን ይረክሳል።


የሆጤ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 12፡50

ከባልዲው ሥር ሁለት ሊትር የሚሆን ውሃ ወጣ። ንፍጡም አለ ጋሼ። ቀረብ ብዬ አይቼው ምሳ አልበላሁም።

ከሳልባትዮው መስመር ጋር ስትሠራ የእጅ ፓምፗ አልጠነክር አለች። ጀሪካኑን ጋቢናው ጣሪያ ላይ በገመድ አስረን ስንገጥም ግን ወዲያው ጠነከረች። ወንድሜ መስመሩን ሲያየው ከሳልባትዮው የምትወጣዋ ላስቲክ ተሰነጣጥቃለች። የሚገርመው ምንም ናፍታ አታንጠባጥብም ነበር፣ ደረቅ ናት። እንዴት ነው አየር ያስገባችው?

እና… አሁንም አትነሳም። ጭስም የለም። ጀሪካን ተሰቅሎ፣ አዲስ ፊልትሮ ገብቶ፣ ናፍታ እስከ ፖምፓው ደርሶ። ወንድሜ ወደ ኖዝሎቹ (ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት) የሚሄዱትን ቧንቧዎች ጫፍ ላላ አድርጎ ሲያዞር ጠብታ እንኳ የለም። እናቴ "ያ ሰውዬ እውነቱን ነበር" ማለት ጀምራለች።


ሚስማር
ሐሙስ፣ ማታ 1፡10

ላስቲኳ ደረቅ የሆነችው የሚስብ መስመር ላይ ስለሆነች ነው። በዚያ መስመር ናፍታው የሚሄደው በመሳብ ነው እንጂ በመገፋት አይደለም። ቀዳዳው ወደ ውስጥ አየር ይጠጣል እንጂ ወደ ውጭ አይተፋም። ብዙ ሰው "ምንም አያፈስም" እያለ የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። እሷን መቀየር አለባችሁ።

ስለ ፖምፓው ግን ይቅርታ፣ ናፍታ ገብቶ ካልወጣ ፖምፓው ነው። መካኒኩ ልክ ነበር።


ወሎዬው ሹፌር
ሐሙስ፣ ማታ 1፡15

እኔም ፖምፓ ነው እላለሁ። ሁለት ዓመት ቆሞ ውሃ የጠጣ ፖምፓ ውስጡ ይዝጋል።


ረዳት ነበርኩ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡40

አሁን ነው ያየሁት። ፖምፓውን ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ።

የናንተ መኪና በቁልፍ ነው የምትጠፋው አይደል? ቁልፉ ሲዘጋ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር በካቦ አድርጋ ፖምፓው ጎን ያለችውን የማጥፊያ ክንድ ትስባለች። ክንዷ ስትሳብ ፖምፓው ናፍታ መላክ ያቆማል። ቁልፉ ሲከፈት ክንዷን ትለቃለች። ይህቺ ካቦ በሽፋኗ ውስጥ ከዛገች ወይም ክንዷ ራሷ ከደረቀች፣ አባትሽ ካቻምና ጥር ላይ ሲያጠፋት በተሳበችበት ቀርታለች። ማለትም መኪናዋ እስከ ዛሬ "ጥፊ" የሚለውን ትእዛዝ እየፈጸመች ነው።

ጋቢናውን ገልብጡ። አንድ ሰው ቁልፉን ይክፈትና ይዝጋ፣ ሌላው ክንዷን ይይ። ካልተነቃነቀች ካቦውን ከክንዷ ላይ ፍቱና ክንዷን በእጅ ሞክሩ። ደርቃ ከሆነ ዘይት ማጠጣት፣ ማሳደር፣ ቀስ አድርጎ ወዲህ ወዲያ ማለት። በመዶሻ አይደለም። በፒንሳም ጠምዝዛችሁ አትስበሩብኝ።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ረዳት እያለሁ አንድ ፖምፓ ወርዶ፣ ተፈትሾ፣ "ደህና ነው" ተብሎ ተመልሶ ሲገጠም አይቻለሁ። ጥፋቱ ካቦዋ ነበረች። የማውረጃውን ግን ከፍለዋል።


ባለ ኤንትሬ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡55

ልጁ ትክክል ነው። እኔ ነኝ የዘለልኩት። በኤንትሬ ጊዜ ማጥፊያው በእጅ ነበርና አላሰብኩትም።

ጨምረህ ግን አንድ ነገር ንገራቸው። የፖምፓው ውስጥም ደርቆ ከሆነ፣ ሲላቀቅ ናፍታውን ሳይቆጥብ ሊለቅ ይችላል። ሞተሩ ሽቅብ ጮኾ ቁልፍ አልሰማ ይላል። ስለዚህ ስታስነሱ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ነቅላችሁ አንድ ሰው ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ ይቁምበት። ከጮኸች አፏን ይዝጋ፣ አየር ካጣች ትጠፋለች። በመዳፍ እንዳይሆን፣ በጣውላ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ።


የሆጤ ልጅ
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡05

ተነሳች!!!!

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ክንዷ ጭራሽ አትነቃነቅም ነበር። ካቦዋ ከሽፋኗ ጋር አንድ ብረት ሆናለች። ወንድሜ ፈትቶ አወጣት። ክንዷን አርብ ዘይት አጠጥተን አሳደርናት። ዛሬ ጠዋት አባቴ ጋቢውን ለብሶ ወጣ። "እስቲ ልንካት" አለ። ወገቡን ይዞ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ እንደ ሕፃን ጆሮ ትንሽ ትንሽ አደረጋት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ "ጠቅ" አለችና ተመለሰች። ደግሞ ሲለቃት ራሷ ትመለሳለች።

አጎቴ ጣውላ ይዞ ቆመ። ወንድሜ አዞረ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ናፍታው ላላ ካደረግናቸው ቧንቧዎች ጫፍ "ጭት ጭት" ማለት ጀመረ። አጠበቅን። እንደገና ሲዞር ነጭ ጭስ። አንዱ ሲሊንደር፣ ከዚያ ሁለቱ፣ እየተንገዳገደች… ተነሳች። አጎቴ ጣውላውን አላስፈለገውም፣ ግን ለግማሽ ሰዓት ሙሉ ይዞት ቆመ። ጎረቤት ቤት የተቃጠለ መስሏቸው ባልዲ ውሃ ይዘው መጡ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ሄደዋል፣ አንዷ እስካሁን አልተገኘችም።

ወጪው፦ አንድ የማሳ ካቦ፣ አንድ ፊልትሮ፣ ናፍታ፣ ዘይት። ላስቲኳን ሰኞ እንገዛለን፣ እስከዚያ ጀሪካኑ ላይ ናት።


የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡20

እንኳን ደስ አላችሁ! የዘይት መብራቷ ጠፋ? ዲናሞዋስ ትሞላለች? እየሠራች እያለ ባትሪው ላይ ለኪ፣ 28 አካባቢ መሆን አለበት።


የሆጤ ልጅ
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡41

የዘይቱ መብራት ወዲያው ጠፋ። 27.9 ነው።


ወሎዬው ሹፌር
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡50

ማሻአላህ! ዛሬውኑ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ አሳዩዋት እንግዲህ።


ባለ ኤንትሬ
ቅዳሜ፣ ቀን 7፡05

አንተ ልጅ ሐረጎ ላይ ምን አለህ?

ልጄ፣ ከግቢ እንዳትወጣ። አራቱም የፍሬን ታምቡር ይከፈት። የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ የጎማ ሲሊንደሮቹም ዝገው ይሆናል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ውሃው ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ሙሉውን አፍስሳችሁ ለውጡ። ጎማዎቹን ጎሚስታ ይያቸው፣ በቆሙበት ጎን የተሰነጠቀ አይጫንበትም። ከዚያ ባዶዋን ከተማ ውስጥ ሁለት ቀን ንዷት። ሽንኩርቱ ይደርሳል።

የማጥፊያዋን ካቦስ ምን አደረጋችኋት?


የሆጤ ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡30

እሺ ጋሼ፣ ታምቡሮቹ ማክሰኞ ይከፈታሉ። ወንድሜ ሊሟገት ሲል አባቴ የእርስዎን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበለት።

ካቦዋ ገና አልተገኘችም። አዲስ እስክንገዛ በቁልፍ አትጠፋም፣ በእጅ ክንዷን ስበን ነው የምናጠፋት። ዛሬ ግን ለማጥፋት ተቸግረን ነበር። አባቴ ቀስ ብሎ ጋቢና ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። እሱ ካልወረደ ጋቢናው አይገለበጥም። እናቴ ቡና ፈልቷል ብትል፣ እኔ ብለምን፣ አልወርድም አለ። "ሐኪሙ እንዳትነዳ ነው ያለኝ፣ እንዳትቀመጥ አላለኝም" ይላል። ናፍታው ከጀሪካኑ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቅነው።